ሃያ ሜትር ላይ ያልታየው ስሕተት

መንገደኛ «ሩቅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ያገራችን ሰው «የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው» ብሎ ይመልሳል። ለመንገደኛ ይህ በቂ ነው። ፊዚክስ ለሚማር ሰው ግን ጥያቄው ገና መጀመሩ ነው። ድንጋዩን ማን ወረወረው? በምን ያህል ፍጥነት? ወደ ላይ ስንት ዲግሪ አቅንቶ? ሜዳ ላይ ነው ወይስ ቁልቁል? ማማ ላይ ቆሞ አዝመራ በወንጭፍ የሚጠብቅ የአዊ ልጅ እነዚህን ጥያቄዎች በቃል ባይመልስም በእጁ ይመልሳቸዋል። ያው ልጅ ጥሊሊ ከተማ ወርዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ስለ ተወርዋሪ አካላት የሚነገረውን ምዕራፍ በቃሉ ይይዛል፤ በእጁ ያለውን ዕውቀት ግን ከክፍሉ ደጅ ትቶት ይገባል።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። በትምህርት ቤቶቻችን የሳይንስ ትምህርት ውስጥ የጎደለው ትልቁ ነገር ቀመር አይደለም፤ ስሕተትን መለካት፣ ማንበብና ማረም ነው። ይህን ለማስረዳት ለብዙዎቻችን እንግዳ የሆነ የስፖርት መሣሪያ፣ ኮምፓውንድ ቀስት የሚባለውን፣ ለምሳሌነት እወስዳለሁ። ይህ ቀስት ለረዥም ርቀት እንዴት እንደሚስተካከል የተረዳ ተማሪ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራም ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

ቀስትና ማነጣጠሪያ

ቀስት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በግዕዝ «ነደፈ» ማለት ፍላጻ መልቀቅም፣ ጥጥ ወይም ሱፍ ማፍታታትም ነበር፤ ዛሬ እናቶቻችን ጥጥ የሚነድፉበት ደጋን የዚያው ቤተሰብ ነው። ከአዊ በስተምዕራብ፣ በመተከል የሚኖሩት ጉሙዞች ቀስት የመሥራትና የመያዝ ዕውቀታቸው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። በአዊም ቢሆን ማነጣጠር የቆየ ጥበብ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር፣ በጉግስ ጨዋታ ፈረሰኛው በሽምጥ እየጋለበ በሽምጥ ወደሚሸሽ ፈረሰኛ ይወረውራል። በዚያች ቅጽበት የራሱን ፍጥነት፣ የተቀናቃኙን ፍጥነትና የውርወራውን ጉዞ አንድ ላይ ማስማማት አለበት።

ኮምፓውንድ ቀስት ግን ሌላ ዓይነት መሣሪያ ነው። አሜሪካዊው ሆሌስ ዊልበር አለን እ.ኤ.አ. በ1966 ለፈጠራ መብት ያመለከተበትና በ1969 የተፈቀደለት ነው። በቀስቱ ሁለት ጫፎች ላይ መሽከርከሪያቸው ከመሐላቸው ፈቀቅ ያለ ትናንሽ መዘውሮች አሉ። ቀስተኛው አውታሩን ሲስብ ክብደቱ መጀመሪያ ይጨምራል፤ መዘውሮቹ ዞረው ሲያበቁ ግን በአንድ ጊዜ ይቀልላል። ለምሳሌ ከፍተኛ ክብደቱ 27 ኪሎ ግራም ማንሳት ያህል የሆነ ቀስት 80 በመቶ የሚያቀልል መዘውር ካለው፣ ሙሉ በሙሉ ከተሳበ በኋላ እጅ ላይ የሚቀረው 5 ኪሎ ግራም ተኩል የማይሞላ ነው። ስለሆነም ቀስተኛው ሳይንቀጠቀጥ ረጋ ብሎ ማነጣጠር ይችላል።

ለማነጣጠርም ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው በአውታሩ ውስጥ የተሰካች፣ ዓይን የሚያይባት ትንሽ ቀዳዳ ናት። ሁለተኛው ከቀስቱ ፊት ለፊት የሚታሰር፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚንቀሳቀስ ማነጣጠሪያ ነው። በማነጣጠሪያው ላይ ትናንሽ ነጥቦች አሉ፤ እያንዳንዷ ነጥብ ለአንድ ርቀት ብቻ ትሠራለች። ከነጥቦቹ በታች ደግሞ ግንበኞቻችን «ውሃ ልክ» የሚሉት ዓይነት የአረፋ መስተዋት አለ።

በዓለም አቀፍ ውድድር የኮምፓውንድ ቀስተኛ የሚቆመው ከዒላማው 50 ሜትር ርቆ ነው። የዒላማው ሙሉ ስፋት 80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው የመሐል ክብ ከዳር እስከ ዳር 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዓይን ቀዳዳውና በማነጣጠሪያው መካከል 80 ሴንቲ ሜትር አለ ብንል፣ ያ ክብ በማነጣጠሪያው ላይ የሚይዘው ቦታ 1.3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የቀስተኛው ሥራ በዚህች ስፋት ውስጥ መኖር ነው። ይህ ዓይነቱ ቀስት እ.ኤ.አ. በ2028 በሎስ አንጀለስ በሚካሄደው የኦሎምፒክ ጨዋታ በወንድና በሴት ድብልቅ ቡድን ውድድር እንዲካተት ተወስኗል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

አሁን እስክሪብቶና ወረቀት እናንሣ። ፍላጻው በሰከንድ 80 ሜትር ይጓዛል እንበል፤ የአየርን ተቃውሞ ለጊዜው እንተወው። ፍላጻው 20 ሜትር ለመድረስ ሩብ ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የመሬት ስበት 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ይጎትተዋል። 40 ሜትር ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል፤ የሚወርደውም 1 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር ነው። 60 ሜትር ለመድረስ ሦስት ሩብ ሰከንድ ይፈጃል፤ የሚወርደው 2 ሜትር ከ75 ሴንቲ ሜትር ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ አራት እጥፍ፣ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ውድቀቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ የተወርዋሪ አካል ጉዞ ፓራቦላ መሆኑን ያስረዳው በዚሁ ሕግ ነው።

ቀስተኛው ይህን ውድቀት የሚያካክሰው ቀስቱን ወደ ላይ ቀና በማድረግ ነው። ስንት ይቅና? በ20 ሜትር 31 ሴንቲ ሜትር፣ በ40 ሜትር 122 ሴንቲ ሜትር፣ በ60 ሜትር 275 ሴንቲ ሜትር ማካካስ አለበት። ውድቀቱን ለርቀቱ ስናካፍለው ማዕዘኑ እናገኛለን፤ እሱም በየ20 ሜትሩ በእኩል መጠን፣ ወደ 0.9 ዲግሪ በሚጠጋ፣ ይጨምራል። በማነጣጠሪያው ላይ ሲታይ ለሩቅ ርቀት የሚሆኑት ነጥቦች ከቅርቡ ነጥብ በታች በየ12 ሚሊ ሜትሩ ይደረደራሉ ማለት ነው። ነጥቡ ዝቅ ሲል እሱን ከዒላማው ጋር ለማጋጠም ቀስቱ ከፍ ማለት ስላለበት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተማሪ እንዲህ ሊል ይችላል። «እንግዲያው የ20 ሜትሩን ነጥብ ካስተካከልኩ የ40ውንና የ60ውን በስሌት አስቀምጣለሁ፤ ሩቅ ሄዶ መልቀቅ ምን ይሠራል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን የሳይንስ ሁሉ መልስ ነው፦ ስሌቱ ከየት እንደምንጀምር ይነግረናል፤ የት እንደደረስን የሚነግረን ዒላማው ነው።

ወደ ኋላ መራመድ

ቀስተኛ ማነጣጠሪያውን ለረዥም ርቀት ሲያስተካክል በአንድ ጊዜ ሩቅ አይሄድም። በ20 ሜትር ይጀምራል። አንድ ፍላጻ ለቅቆ ማነጣጠሪያውን አይነካም፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ፍላጻ በአንድ ዓይነት አኳኋን ይለቅቃል። ከዚያ ፍላጻዎቹ የት እንደተሰበሰቡ ይመለከታል። ስብስቡ ከመሐሉ በላይ ካረፈ ነጥቡን ወደ ላይ ይገፋል፤ ወደ ግራ ካረፈ ወደ ግራ ይገፋል። ነጥቡ ፍላጻውን ይከተላል ማለት ነው። 20 ሜትር ላይ ሲረጋ ወደ 30፣ ከዚያ ወደ 40፣ ወደ 50 ይራመዳል፤ በእያንዳንዱም ያንኑ ይደግማል።

ወደ ኋላ የሚራመድበት ምክንያት ጽሑፉን የጻፍኩበት ምክንያት ነው። ቅርብ ላይ የተደበቀ ስሕተት ሩቅ ላይ ይገለጣልና።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። ቀስተኛው ቀስቱን ሳያውቅ ወደ ጎን 2 ዲግሪ አጋድሎ ይይዛል እንበል። ውድቀቱን ለማካካስ የተሰጠው ማዕዘን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መሆኑ ቀርቶ በትንሹ ወደ ጎን ይሆናል። በ20 ሜትር ፍላጻው ወደ ጎን የሚስተው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ማንም አያየውም። በ60 ሜትር ግን 10 ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ይቃረባል። ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ስሕተቱ ዘጠኝ እጥፍ። ለዚህ ነው ውሃ ልኩ እዚያ የታሰረው።

ቀስተኞች ይህን ለመፈተሽ ቀላል ዘዴ አላቸው። ግንበኛ ቱንቢ እንደሚጥል ሁሉ በዒላማው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያወርዳሉ። የ20 ሜትሩን ነጥብ ሳይለውጡ ከ20፣ ከ30፣ ከ40 ሜትር በመስመሩ አናት ላይ አነጣጥረው ይለቅቃሉ። ፍላጻዎቹ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ዝቅ ዝቅ ይላሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በቱንቢው መስመር ላይ ቀጥ ብለው ካልወረዱና ወደ አንድ ጎን ካጋደሉ፣ ከማነጣጠሪያው ወይም ከአያያዙ ጋር የተያያዘ የተደበቀ ጥፋት አለ ማለት ነው።

ርቀትን በግምት መሳትም እንዲሁ ነው። በ20 ሜትር የተስተካከለ ነጥብ ይዞ በእውነት 25 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ዝቅ አድርጎ ይመታል። በ60 ሜትር ነጥብ 65 ሜትር ላይ የቆመ ግን 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይልበታል። የግምቱ ስሕተት ያው 5 ሜትር ነው፤ ቅጣቱ ግን አንድ አይደለም።

ዳገትና ቁልቁለትም የራሱ ሒሳብ አለው። በተዳፋቱ ላይ በገመድ 60 ሜትር የተለካ፣ 30 ዲግሪ ያጋደለ ርቀት በአግድም ሲታይ 52 ሜትር ነው። ስበት የሚሠራው በቀጥታ ወደ ታች ስለሆነ፣ ቀስተኛው ማነጣጠር ያለበት በ60 ሳይሆን በ52 ሜትር አካባቢ ነው። ኮሳይን የሚባለው ነገር በሒሳብ ደብተር ውስጥ ብቻ የሚኖር አይደለም፤ በጥሊሊ ዙሪያ ባለው ተረተር ሁሉ ላይ አለ።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው

በባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ወደ አዊ ደጋ ቢመጣ ምን ይሆናል? እንጅባራና ጥሊሊ በሚገኙበት ደጋ፣ 2,500 ሜትር ከፍታን ብንወስድ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 78 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ተቃውሞው ይቀንሳል፤ ፍላጻው ፍጥነቱን ይበልጥ ይዞ ይቆያል፤ ስለዚህ ረዥም ርቀት ላይ ከተጠበቀው ከፍ ብሎ ይመታል። ማነጣጠሪያው እንደገና መስተካከል አለበት።

የመሬት ስበትም በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችንና በከፍታችን ምክንያት በአዊ ደጋ የስበት ፍጥንጥነት 9.78 አካባቢ ነው። በብዙ ክፍሎች ውስጥ ለስሌት እንዲቀልል 10 ተብሎ ይወሰዳል። ለፈተና ጥያቄ ይህ ምንም አይደለም። ቀደም ሲል ባነሣነው ፍላጻ ብናሰላው ግን፣ በ50 ሜትር 10 ብሎ ባሰላውና 9.78 ብሎ ባሰላው መካከል ያለው ልዩነት 4.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የአሥር ነጥቡ ክብ ግማሽ ስፋት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። «እንዲቀልል» የተባለው ቁጥር ብቻውን ፍላጻውን ከክቡ ያስወጣዋል። ማጠጋጋት ክልክል ነው ማለቴ አይደለም፤ የሚያጠጋጋ ሰው የማጠጋጋቱን ዋጋ ማወቅ አለበት ማለቴ ነው።

ስብስብና ትክክለኛነት

ከቀስተኛው የምንማረው ትልቁ ነገር ሁለት ዓይነት ስሕተት መኖሩን ነው። ፍላጻዎቹ በዒላማው ላይ ከተበታተኑ፣ ችግሩ ያለመርጋት ነው፤ አንዱ የእጅ፣ አንዱ የትንፋሽ፣ አንዱ የነፋስ ይሆናል። ማነጣጠሪያውን ማንቀሳቀስ ይህን አያድንም። ፍላጻዎቹ በአንድ ቦታ ተጠጋግተው ከመሐሉ ርቀው ካረፉ ግን፣ እጁ ረግቷል፤ ያጋደለው መሣሪያው ነው። የመጀመሪያው የዘፈቀደ ስሕተት ይባላል፤ ሁለተኛው ሥርዓት ያለው ስሕተት ነው። የመጀመሪያውን ድግግሞሽና አማካይ ይቀንሱታል። ሁለተኛውን ሺህ ጊዜ ብንደግመው ራሱን ይደግማል እንጂ አይጠፋም፤ ምክንያቱን ፈልጎ ማረም ብቻ ያድነዋል።

አሁን ወደ ክፍላችን እንመለስ። ተማሪው ቤተ ሙከራ የገባ እንደሆነ አስቀድሞ መልሱን ያውቀዋል። መምህሩም ያውቀዋል። ስለዚህ የለካው ቁጥር ከሚጠበቀው ሲርቅ፣ ተማሪው ምክንያቱን ከመፈለግ ይልቅ ቁጥሩን ወደ መልሱ ይጎትተዋል። ሪፖርቱ ያማረ ይሆናል፤ ማርኩም ጥሩ ይሆናል። ይህ ግን ፍላጻውን አስቀድሞ ለቅቆ፣ ባረፈበት ቦታ ዙሪያ ዒላማ እንደ መሣል ነው። እንዲህ ያለ ቀስተኛ ፈጽሞ አይስትም፤ ፈጽሞም አይማርም።

በክፍል ውስጥ የምንሰጠው መልመጃ የ20 ሜትር ዒላማ ነው። ጥያቄው ከምሳሌው ጋር ይመሳሰላል፤ ቁጥሩ ብቻ ይለወጣል። እዚያ ላይ 2 ዲግሪ ያጋደለ ግንዛቤም መሐሉን ይመታል፤ ማጋደሉ አይታይም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። የዚህ ውጤት ምክንያት ብዙ ነው፤ የመጻሕፍትና የመምህራን እጥረት፣ በየአካባቢው የደረሰው ጦርነትና መፈናቀል፣ የትምህርት ዘመን መቆራረጥ ሁሉ አሉበት። አንዱ ግን ይህ ይመስለኛል፦ ዒላማው ከ20 ወደ 60 ሜትር ራቀ፤ እኛ ግን በመሐሉ አልተራመድንም ነበር። ከየደረጃው ስሕተታችንን እያነበብን ወደ ኋላ ብንራመድ ኖሮ፣ ማጋደላችንን 30 ሜትር ላይ ባየነው ነበር።

ቀርቀሃ፣ ብይና አመድ

«ኮምፓውንድ ቀስት በየት አገር ገንዘብ ይገዛል?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ቀስት ይገዛ አላልኩም። ትምህርት ቤት ውስጥ ፍላጻ ማስፈንጠርም ያለ በቂ ጥንቃቄና አሠልጣኝ የሚመከር አይደለም። ቀስቱ የሚያስተምረውን ነገር ማንንም በማይጎዳ መንገድ፣ በአዊ ምድር በሚገኝ ዕቃ ማስተማር ይቻላል። የሚያስፈልገው አንድ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርቀሃ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ብይ፣ ጠረጴዛ፣ ሜትር፣ ቱንቢ፣ እፍኝ አመድ ነው።

ቀርቀሃው እንደ አሸንዳ በጠረጴዛው ላይ ይታሰር፤ አንዱ ጫፍ ከፍ ይበል፤ የወዲያኛው ጫፍ በጠረጴዛው ዳር አግድም ሆኖ ይለቅ። ብዩ ከአሸንዳው ውስጥ ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይለቀቅ። የጠረጴዛው ከፍታ 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን። መሬቱ ላይ አመድ ይነስነስ፤ ብዩ ያረፈበት ቦታ ይታይበታል። ከጠረጴዛው ዳር ቱንቢ ይጣል፤ ርቀት የሚለካው ከቱንቢው ጫፍ ነው።

ከመልቀቃቸው በፊት ተማሪዎቹ ያስሉ። የከፍታ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ጉልበት ይለወጣል የሚለውን የሚያውቁትን ሕግ ተጠቅመው ብዩ ከጠረጴዛው ዳር ስንት ርቆ እንደሚያርፍ ይተንብዩ። ሰበቃን ትተው ካሰሉ መልሱ 80 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። በሚገርም ሁኔታ የስበቱ ቁጥር ራሱ በስሌቱ ውስጥ ይሰረዛል፤ 10 ያለም 9.78 ያለም እኩል 80 ያገኛል። እንግዲህ በ80 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲኒ ያስቀምጡና ብዩን አሥር ጊዜ ይልቀቁት።

ሲኒው ውስጥ አይገባም። ብዩ በአመዱ ላይ ተጠጋግቶ፣ ግን 67 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ ትንሽ አጠር ብሎ ያርፋል። ስብስቡ ጥሩ ነው፤ ቦታው ግን ስቷል። እጅ አልተንቀጠቀጠም፤ ሥርዓት ያለው ስሕተት አለ። ቁጥሩን ወደ መልሱ የሚጎትት ተማሪ እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ 13 ሴንቲ ሜትር በአመድ ላይ አይደበቅም። ያኔ መምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ «የጎደለው ጉልበት የት ሄደ?»

አንዱ ተማሪ «ሰበቃ ነው» ይላል፤ ጥቂቱን ያስረዳል። ሌላው ብዩን ትኩር ብሎ ያየዋል፤ ይሽከረከራል! ለካስ ብዩ የሚጓዝ ብቻ ሳይሆን የሚዞርም ነበር፤ ከጉልበቱ ሰባት እጅ ሁለቱ እጅ ወደ መሽከርከር ሄዷል። ይህን አስገብተው እንደገና ሲያሰሉ 67.6 ሴንቲ ሜትር ያገኛሉ። ከዚያ እንደ ቀስተኛው ማነጣጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ሲኒውን ሳይሆን የሚለቀቅበትን ከፍታ። በስሌቱ 28 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ብዩ ወደ ሲኒው ይቀርባል፤ የቀረውን ጥቂት ጉድለት ደግሞ በሙከራ ይሞሉታል። ቀጥሎ ሲኒውን ወደ 100 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ ወደ 120 ያርቁታል። በየርቀቱ የትንበያቸውንና የማረፊያውን ልዩነት በግራፍ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ያ ግራፍ ከማንኛውም የተገለበጠ ሪፖርት ይልቅ ያስተምራቸዋል።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

«ሥርዓተ ትምህርቱ ሰፊ ነው፤ ጊዜ የለም» የሚል መምህር እውነት አለው። ግን ከላይ የተባለው ሙከራ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃዋል፤ በውስጡም የጉልበት አለመጥፋት ሕግ፣ የተወርዋሪ አካላት ምዕራፍ፣ የሽክርክሪት እንቅስቃሴና የመለኪያ ስሕተት አንድ ላይ ይገኛሉ። አራት ርእስ ለየብቻ በሰሌዳ ከመገልበጥ ጊዜ ይቆጥባል እንጂ አያባክንም።

«በስሕተት ላይ እንዴት ማርክ ይሰጣል?» የሚልም አለ። መልሱ ቀላል ነው፦ ማርኩ ለመልሱ ቅርበት ብቻ አይሰጥ። ተማሪው ስንት ጊዜ ደገመ? ስብስቡ ምን ያህል ተጠጋጋ? ልዩነቱን በምን አስረዳ? ያስረዳውንስ እንደገና ፈተሸው? እነዚህ አራቱ ይመዘኑ። 67 ብሎ በእውነት የጻፈ ተማሪ 80 ብሎ በሐሰት ከጻፈው በላይ ማርክ ያግኝ። ይህ አንድ ለውጥ ብቻ ከብዙ ዕቃ ግዢ የበለጠ ቤተ ሙከራዎቻችንን ሕያው ያደርጋቸዋል።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችሁ ነገ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ሐኪም ትሆናላችሁ። የድልድይ ምሰሶ 2 ዲግሪ ሲያጋድል፣ የመድኃኒት መጠን በሚዛን መዛነፍ ሲሳሳት፣ ዋጋው የሚከፈለው በሩቁ ርቀት ላይ ነው፤ ከዓመታት በኋላ፣ በሌላ ሰው ሕይወት። የመጀመሪያው 20 ሜትር ላይ ሁላችንም ባለሙያ መስለን እንታያለን። ስለዚህ ክረምት ላይ ወደየትውልድ መንደራችሁ ስትመለሱ፣ ጥሊሊም ሆነ ዳንግላ፣ ታናናሾቻችሁን ሰብስባችሁ አንድ ቀርቀሃና አንድ ብይ ይዛችሁ ተቀመጡ። መልሱን አትንገሯቸው። አስቀድመው ይተንብዩ፤ ይልቀቁ፤ ይለኩ፤ ይሳቱ፤ ለምን እንደሳቱ ይንገሯችሁ። ከዚያ ሲኒውን አንድ ክንድ አርቁባቸው።